በጾመ ነቢያት ስለሚቀርበው ትኩስ የወይን ጠጅ

በሥራና በስደት ምክንያት በአውሮፓ አገሮች የሚኖሩ ምእመናን ልጆቻችን በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም በገና ገበያ ላይ የሚሸጠውን ትኩስ የወይን ጠጅ መጠጣት ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ነው። እኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ጥያቄ በሁለት ቃል መልሰን ሰው አሳዝነናልና፥ ዛሬ ረጋ ብለን ልንጽፍበት ወደድን።

አስቀድመን ነገሩን ላላየው አንባቢ እንግለጽ። በጀርመን አገር የጌታችን የልደት በዓል ሲቃረብ በየከተማው አደባባይ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ሱቆች ይተከላሉ። በኑርንበርግ ከተማ ይህ ገበያ የሚከፈተው፥ እነርሱ አድቬንት ከሚሉት ወራት የመጀመሪያው እሑድ ከመድረሱ በፊት ባለው ዓርብ ነው፤ የሚዘጋውም በአውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን ነው። በዚያ ወራት ፀሐይ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ብርዱም ያንዘፈዝፋል። ሰው ሁሉ ከሥራው ሲወጣ ወደ አደባባዩ ይሄዳል። መጫወቻ፥ ጧፍ፥ በማርና በቅመም የተጋገረ ብስኩት ይሸጣል፤ ሕዝቡ ግን አብዝቶ የሚሰበሰበው በትልልቁ ድስት ዙሪያ ነው።

በድስቱ ውስጥ ያለው ቀይ ወይም ነጭ የወይን ጠጅ ነው። ቀረፋ፥ ቅርንፉድ፥ የብርቱካን ልጣጭና ስኳር ገብቶበት፥ ሳይፈላ እንዲሞቅ ይደረጋል። ስሙን ግሉቫይን ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደሚያዝዘው በዚህ ስም የሚሸጠው መጠጥ ከወይን ጠጅ ብቻ የተዘጋጀ፥ በተለይ በቀረፋ ወይም በቅርንፉድ የጣፈጠ፥ የአልኮሉም መጠን ከመቶ 7 ያላነሰ መሆን አለበት። በሸክላ ኩባያ ይቀዳል፤ ለኩባያውም መያዣ ገንዘብ ይከፈላል፤ ኩባያው ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። ሽታው ከሩቅ ሲመጣ የአገራችንን ሻይ ያስታውሳል። ብዙዎች ልጆቻችን ወደ ድስቱ የሚጠጉት መጠጥ ፈልገው ሳይሆን የእናታቸው ቤት ትዝ ብሏቸው እንደ ሆነ ነግረውናል፤ እኛም በዚያ ስናልፍ ይኸው ስለ ደረሰብን እናምናቸዋለን።

ከግሉቫይን አጠገብ ፑንች የሚባል ሌላ ትኩስ መጠጥ ይሸጣል። ስሙ በህንድ ቋንቋ «አምስት» ከሚለው ቃል መጣ ይባላል፤ አምስት ነገሮች ይቀላቀሉበት ነበርና። ዓይነቱ ብዙ ስለ ሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ቅመም የገባበት የወይን ጠጅ ግን ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሎሞን በመኃልዩ ያነሣዋል፤ በምሳሌውም ጥበብ ቤቷን ሠርታ፥ የወይን ጠጇን ቀላቅላ እንግዶቿን ትጠራለች። በጎልጎታም ከርቤ የተቀላቀለበት የወይን ጠጅ ለጌታችን ቀርቦለት ነበር፤ እርሱ ግን አልተቀበለም። መምህራን ይህን ሲተረጕሙ ከርቤ ያለበት ወይን ሕመምን ያደነዝዛልና፥ ጌታችን ስለ እኛ የተቀበለውን መከራ በሙሉ ልብ ሊቀበለው ስለ ወደደ ነው ይላሉ። እንግዲህ ቅመም ያለበት ጽዋ በራሱ ርኩስ አይደለም፤ የሚጠጣበት ጊዜ፥ የማይጠጣበትም ጊዜ አለው ማለት ነው።

ጊዜው ነው እንግዲህ ጥያቄውን ያመጣው። ገበያው የሚቆምበት ወራት በሙሉ በእኛ ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል። ጾማችን ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ በልደት በዓል፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን ይፈታል። እኛ ጾም ስንፈታ የእነርሱ ገበያ ከተነቀለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ይህን የምንለው የዚያን አገር ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። ገበያው ራሱ ከጾም ጋር ዘመድ ነበረ። በድሬስደን ከተማ ሽትሪትሰልማርክት የሚባለው ገበያ በ1434 ዓመተ ምሕረት በእነርሱ አቈጣጠር በልደት ዋዜማ ለአንድ ቀን እንዲቆም በአገሩ መስፍን የተፈቀደ ነው። ስሙን ያገኘው ዛሬ ሽቶለን ከሚባለው የልደት ዳቦ ነው፤ ያም ዳቦ በጥንት ጊዜ በጾም ምክንያት ያለ ቅቤና ያለ ወተት፥ በዘይት ይጋገር ነበር። የሳክሶኒ መሳፍንት ዘይቱ አልጣፈጠንም ብለው ወደ ሮማ ጻፉ፤ በ1491 ፓፓ ኢኖኬንትዮስ 8ኛ ቅቤ እንዲያገቡበት ፈቀደላቸው። ያ ጽሕፈት እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። መጀመሪያ ቅቤው ተፈቀደ፤ በኋላም ጾሙ ራሱ ከብዙው ሕዝብ ዘንድ ቀረ፤ ገበያው ግን ቀረ አልተባለም። በሰው አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነው፤ በዚያ አደባባይ የሚጾም ሰው ሲቆም እንግዳ ልማድ ያመጣ አይደለምና።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። አንዲት እኅት በአንድ የጀርመን ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። የሥራ ባልደረቦቿ በዓመት አንድ ቀን ከሥራ ወጥተው በአንድነት ወደ ገበያው ይሄዳሉ። «አባታችን፥ ልሂድን?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «ጾም ነው፤ ይቅርብሽ» አልናት። ታዘዘች። በዓመቱ ስንገናኝ ግን ፊቷ ጠቍሮ አገኘናት። «ከዚያ ወዲህ ለቡና እንኳ አይጠሩኝም፤ ከእኛ ጋር መቆም ትጸየፋለች ይላሉ። አረጋውያኑን ስናነሣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያግዘኝ ፈልጌ የማጣበት ቀን አለ» አለችን። እርስዋ የጠየቀችን ስለ ጽዋው ነበር፤ እኛ ግን ከሰዎቹ ለየናት። ጌታችን ከቀራጮች ጋር በማዕድ መቀመጡን በየዓመቱ እያስተማርን ይህን ማድረጋችን ያሳፍረናል።

ሥርዓቱስ ምን ይላል? በጾም የሚከለከለው ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤ፥ እንቍላል መሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል። የወይን ጠጅ ከእነዚህ ጋር አይቈጠርም፤ ስለዚህም አንዳንዶች «ካልተከለከለ እንጠጣ» ይላሉ። ነገር ግን ጾሙ የማን እንደ ሆነ እናስተውል። ጾመ ነቢያት ተብሏል፤ ከነቢያትም አንዱ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ባዘነ ጊዜ ማለፊያ እንጀራና ሥጋ ብቻ ሳይሆን የወይን ጠጅም እንዳልቀመሰ ተጽፏል። በነቢያት ስም የሚጾም ሰው የነቢዩን ጾም ቢመስል ይሻለዋል። በሌላ ወገን ሐዋርያው ስለ ሆዱ ሕመም ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል፤ በቃና ዘገሊላም የሆነውን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ኩባያ የጠጣውን ሰው ጾሙን ሻረ ብለን አናወግዘውም፤ ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ይንገር። የእኛን ምክር የሚጠይቅ ቢኖር ግን ወይኑን እስከ ልደት ያቈየው እንላለን። ቀረፋውና ቅርንፉዱ በቤቱ አለ፤ ጾሙ ሲፈታ ከወዳጆቹ ጋር ያሙቀው።

ወደ አደባባዩ ግን ይሂድ። በዚያው ድስት አጠገብ ኪንደርፑንሽ፥ ማለት የልጆች ፑንች፥ የሚባል መጠጥ አለ፤ ከፍራፍሬ ጭማቂና ከነዚያው ቅመሞች ይዘጋጃል፥ አልኮል የለበትም። በኩባያ ሲቀዳ ከሌላው የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። የልጆች ነው ብሎ የሚያፍር ቢኖር፥ በአገራችን ብርዝ የሚጠጡት ሕፃናት ብቻ እንዳልሆኑ ያስብ። በጽዋ ማኅበራችን አንዱ ጠጅ ሲቀዳለት ሌላው ብርዝ ይቀዳለታል፤ ብርዝ የጠጣው ከማኅበሩ ወጣ የሚለው የለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በፑንቹ ነው። አየርፑንሽ የሚባለው በእንቍላል አስኳል ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም የተመታ የወተት ክሬም ይደረግበታል፤ ይህስ በግልጥ ጾም ያስገድፋል። አንድ ወንድም ቢጫነቱን አይቶ የብርቱካን መስሎት ጠጥቶ፥ በኋላ ሲነገረው ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ባለማወቅ የሆነ ነውና በዚህ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ ሲገዙ ግን «እንቍላል አለበትን? ክሬም አለበትን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሻጮቹ ስለ ልዩ ልዩ ምክንያት በየቀኑ ይጠየቃሉ። ፎየርጻንገንቦውለ የሚባለውም አለ፤ የስኳር ቍልል ሩም በሚባለው አረቄ ተነክሮ በእሳት ይለኰስና እየቀለጠ ወደ ወይኑ ይንጠባጠባል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ለራስ ግን ከባድ ነው።

«ስለ ሞቀ አልኮሉ ጠፍቷል» የሚሉም አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ነው፤ ወይኑን ከዚያ በታች የሚያሞቁትም እንዳይጠፋባቸው ነው። ጣፋጩ ብርታቱን ይሸሽገዋል። የጠጣውም ሰው ቈዳው ሲሞቅ ብርዱ የለቀቀው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሰውነቱ ሙቀት በቈዳው በኩል እየወጣ ነው።

ይህን ያስረዘምነው ስለ አንድ ሌላ ወንድም ነው። መጠጥ ቤቱን አፍርሶበት ነበር፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ከተወው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ለእርሱ ጥያቄው ስለ ጾም አይደለም፤ ኪንደርፑንሹም አይረዳውም፤ ሽታው ብቻ ይበቃዋል። የሥራ ባልደረቦቹ «አንድ ኩባያ ምን ያደርጋል» እያሉ ይጐትቱታል፤ ከእነርሱ መካከል የእኛው ምእመናን እንደሚገኙበት ስንሰማ አዘንን። ቅዱስ ጳውሎስ ወንድሙን የሚያሰናክልበት ከሆነ ሥጋም ወይንም መተው መልካም እንደ ሆነ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ይህን ሰው የሚያውቁ ሁሉ በዚያ ወራት በቤታቸው ሻይ አፍልተው ይጥሩት።

እኅታችን ባለፈው ዓመት ከባልደረቦቿ ጋር ሄዳለች፤ ኩባያዋንም መልሳ መያዣዋን ተቀብላለች። ወንድማችን ግን ከኅዳር ጀምሮ ወደ ሥራው በሌላ ጎዳና ይሄዳል፤ መንገዱ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይረዝማል ብሎናል።