«እነማን?»

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት፣ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ ደም በፈሰሰበት ሰሞን፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ ውስጥ አንድ ሰው «እየመጡ ነው!» ሲል ሰማሁ። አልተሳደበም፤ የብሔር ስምም አልጠራም። ግን ሁሉም ዕቃውን ሰበሰበ። ጠዋት ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ በዋጋ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት ተዉ። ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ይህ የጥላቻ ንግግር ነው?

መጀመሪያ ቃሉን ያዝኩ። «የተራራ ውሃ» ከተራራ የመጣ ነው፤ «የዓይን መድኃኒት» ግን ለዓይን የሚሆን ነው። ታዲያ የጥላቻ ንግግር ከጥላቻ የመጣ ነው ወይስ ጥላቻን የሚያመጣ? ከጥላቻ የመጣ ከሆነ ዳኛው ልቤን ሊመረምር ነው፤ ይህን ደግሞ የሚችለው አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሩ የሚያመጣውን ልመዝን አልኩ።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ወደዚያው ያዘነብላል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው፤ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ተጠራጠርኩ፤ የገበያው ሰው ልጆቹን ሊያድን የጮኸ ቢሆንስ?

ጥርጣሬዬን ያባሰችው ቤቷ የተቃጠለባት ጎረቤቴ ናት። ያቃጠሉትን ሰዎች ስትናገር «የጥላቻ ንግግር ተዪ» አሏት። እኔም ከተቆጧት ጋር ቆሜ ነበር። አሁን ሳስበው በደልናት። የደረሰባትን ተናገረች እንጂ ምን አደረገች? አቤቱታን በዚህ ስም ማፈን ሌላ ግፍ ነው። በኋላ ግን «ዘራቸው ሁሉ ያው ነው» አለች። እዚህ ላይ ቆምኩ። በሰንበቴ ከተማ ገበያ በእናቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃን ምን አቃጠለ? እ.ኤ.አ. በ1994 የሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» ሲል ያደረጉትን መቁጠር አላስፈለገውም፤ መወለዳቸው በቃ። ሰው ባደረገው መከሰሱ ቀርቶ በተወለደበት ሲከሰስ፣ የጥላቻ ንግግር ያኔ ይጀምራል።

ወደ ገበያው ሰው ተመለስኩ። «እነማን?» ተብሎ «የታጠቁ ሰዎች» ቢል ማስጠንቀቂያ ነበር። የአንድ ሕዝብ ስም ቢጠራ ክፋት መዝራት ነበር። አንዳችንም አልጠየቅነውም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ እያንዳንዱ በየልቡ የፈራውን ስም ሞላበት።

ከሚሴም ሁን ጨፋ ሮቢት፣ ነገ «እየመጡ ነው» ሲባል ብትሰማ፣ ከመሮጥህ በፊት «እነማን?» ብለህ ጠይቅ።