ሃምሳ ሎሚና አንድ ጠብታ ዘይት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለመተባበር ነው። ደቦ ሲጠራ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እንጠቅሰዋለን። እስቲ ግን አንድ ጊዜ ገልብጠን እንየው። ሎሚው ሎሚ መሆኑ ቀርቶ ጥፋት ቢሆንስ? ለሃምሳ ሰው የተከፋፈለ ጥፋትም እንደ ሎሚው ይቀልላል። እያንዳንዱ ድርሻውን በእጁ ይዞ «ይቺ ደሞ ምን አላት?» ይላል። ሸክሙ ግን የትም አልሄደም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ብቻዋን ማንንም የማትጎዳ ጥፋት፣ ጥፋት ናት ወይስ አይደለችም?

ጥያቄው በደመና ላይ እንዳይቀር ወደ አስፋልት ላውርደው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ዳገቱን የሚወጣው መኪና ብዙ ነው። መኪኖቹ ከቆሙበት ሲነሡ መሬቱን ማየት ነው፤ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ ይታያል። የሞተር ዘይት ነው። በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው፣ መካኒኮቻችን በጣልያንኛው ጓርኒሲዮን፣ ሌላው ደግሞ ጋስኬት የሚለው ነገር ከቡሽ፣ ከወረቀት ወይም ከጎማ የተሠራ ነው። ሙቀትና ዕድሜ ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዳገት ሞተርን ያግላል፤ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት ደግሞ መውጫ አያጣም።

ባለመኪናው ይህን ሲያይ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጓርኒሲዮኑን መቀየር ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው፣ የጎደለውን ዘይት እየጨመሩ መንዳት ነው። ከውጭ ማስቲሽ የሚለቀልቅም አለ፤ ለዓመታዊው ምርመራ ዋዜማ ሞተሩን አሳጥቦ የሚቀርብም አለ። «ለምን አትቀይረውም?» ብትሉት መልሱ ዝግጁ ነው። «አንድ ጠብታ እኮ ናት! ሌላው በበርሜል እየደፋ የኔዋ ጠብታ ወንዙን ለወጠችው?»

ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የእሱ ጠብታ ብትቀር ወንዙ በርግጥ ለውጥ አያሳይም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ መከራከሪያ በአንድ ምሳሌ ፈትኖታል። ሺህ ገራፊዎችና ሺህ ተገራፊዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ገራፊ አንድ ቁልፍ ሲጫን የሺዎቹ ሁሉ ሥቃይ በማይታወቅ መጠን ብቻ ይጨምራል። ሁሉም ሲጫኑ ግን ሥቃዩ የማይቻል ይሆናል። ከሺዎቹ ገራፊዎች አንዱም «እኔ ይሄን ሰው አሳመምኩት» ሊል አይችልም። ታዲያ ገራፊ የለም ልንል ነው? ፓርፊት እንደሚለው «የኔ ሥራ ብቻውን ይጎዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሥራዬ አንድ ላይ ሆነው ከሚጎዱት ሥራዎች አንዱ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ባለመኪናው የሚሟገተው በጠብታ ነው፤ የሚገዛው ግን በሊትር ነው። እስቲ እንቁጠረው። በየደቂቃው አንድ ጠብታ ብትወርድ በቀን 1,440 ጠብታ ነው። ሃያው ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብንል በቀን 72 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ሳምንት አንድ ሊትር መሆኑ ነው። ሁልጊዜ የማውቀውን ጉድለት ዘይት ገዝቼ ስሞላ ጠብታዋ ድንገት የወደቀች መሆኗ ይቀራል። በየሁለት ሳምንቱ «ትፍሰስ» ብዬ የምፈርምባት ውሳኔ ትሆናለች። ልንመዝነው የሚገባንም ይህን ፊርማ ነው።

ፊርማው የሚደርሰውስ ማን ዘንድ ነው? የእንጦጦ ሰንሰለት የውሃ መክፈያ ነው። በሰሜን ፊቱ የሚዘንበው ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ ፊቱ የሚዘንበው በቀበናና በመሰሎቹ ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል። በአቃቂ ዳር በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ በላተኞቹም እኛው የከተማው ሰዎች ነን። ዘይት ደግሞ በውሃ ላይ ትንሽ መሆን አይወድም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1774 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ፣ ለንደን አጠገብ ክላፋም ባለ ኩሬ ላይ ከሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት ቢያፈስ ግማሽ ኤከር፣ ማለት ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ያህል ውሃ ላይ ተዘርግቶ ሞገዱን እንዳስተኛው ጽፏል። የሞተር ዘይት የዚያን ያህል ባይዘረጋም ከጠብታዋ ስፋት እጅግ የሰፋ ቦታ እንደሚሸፍን ዝናብ ያቆረውን ውሃ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ወንዙ ሩቅ ነው የሚል ካለ ደግሞ ቅርቡን እንይ። በጋውን ሙሉ አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይት በመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን ያሟልጨዋል። በዚያ ቁልቁለት ለብዙ ዘመን የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ አንገታቸውን ስለሚደፋው የሚያዩት መሬቱን ብቻ ነው። ጠብታዋን ከባለመኪናው ይልቅ የሚያውቋት እነሱ ናቸው። እሱ ወርውሯት ያልፋል፤ እነሱ ይረግጧታል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የሚያፈሰው የማን መኪና ነው? ያረጀው ነዋ! ያረጀው ደግሞ የድኻው ነው። ሀብታም አዲስ መኪና ገዝቶ ከጠብታም ከኅሊና ወቀሳም ነጻ ሲሆን፣ በአሮጌ ላዳ ልጆቹን የሚያሳድገውን ሹፌር «ኃጢአተኛ» ልንለው ነው? አንልም። ግዴታ የሚለካው በአቅም ነው። ነገር ግን አቅም የምንለውን ነገር ጠጋ ብለን ብናየው ብዙ ጊዜ ከምናስበው ይሰፋል።

ቮልስን እንውሰድ። ሞተሯ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ማፍሰስ ቶሎ ይጎዳታል። የቫልቭ ክዳኖቿ ከኋላ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱን የያዘው ቡሎን ሳይሆን አንድ ጠንካራ የሽቦ ቅንፍ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ጣሳ ይደረጋል፤ ሽቦው በካቻቢቴ ወደ ታች ይጫናል፤ ክዳኑ ይወጣል። ያረጀው ቡሽ ብረቱን ሳይቧጥጡ ይነሣል፤ ሁለቱም ፊት እስኪደርቅ ይጠረጋል፤ አዲሱ ቡሽ ክዳኑ ውስጥ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ ሽቦው ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ማየት ነው። በቡሎን በሚታሰሩት ሌሎች ሞተሮች ደግሞ ቡሎኖቹን ተራ በተራ፣ በመጠኑ ማጥበቅ ይገባል፤ ጉልበት ያበዛ ሰው ቡሹን ጨፍልቆ የባሰ ያፈስሳል። መኪናዋን ማንሣት ካስፈለገም ክሪክ ብቻ አምኖ ከሥሯ መግባት በሕይወት መቀለድ ነው። ይኸው ነው ሥራው። የእሁድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ታዲያ ይህን የሚችል ሰው «አቅም የለኝም» ሲል የጎደለው ገንዘብ ነው ወይስ እጅ ማቆሸሽ?

በቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግን ገና አንድ ፈተና አለበት፦ ጣሳው። በውስጡ የተጠራቀመውን ጥቁር ዘይት ማታ ወደ ቦይ ከደፋው፣ ቀድሞ በጠብታ ሲከፍል የነበረውን አሁን በጅምላ ከፈለ ማለት ነው። ሞተሩ ደረቀ፤ ቀበና ግን ጠጣው። ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ሰው ማስረከብ ከጥገናው ተለይቶ የማይታይ የሥራው ግማሽ ነው።

በርግጥ ሞተር ካልወረደ የማይቀየር ጓርኒሲዮንም አለ። እሱን ሹፌሩ ብቻውን አይችለውም። እንዲህ ያለው ቀን ተረታችንን ወደ ቀና ትርጉሙ የምንመልስበት ነው። ለአንዱ ሸክም የሆነው ጥገና ለጎረቤት ሁሉ ሲከፋፈል ይቀልላል፤ አንዱ ክሪክ፣ አንዱ መፍቻ፣ አንዱ ጉልበት ያዋጣል። እርሻ በደቦ ይታረም የለም እንዴ? ሞተር በደቦ ቢወርድ ምን ነውር አለው?

እኛ ተማሪዎች አብዛኞቻችን የሚያፈስ ጫማ እንጂ የሚያፈስ መኪና የለንም። ስለዚህ ነገሩ አይመለከተንም የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገ ግን በየመሥሪያ ቤቱ እንገባለን። እዚያም አንድ ያልተመለሰ ማመልከቻ፣ አንድ ያረፈደ ጠዋት፣ አንድ «ሁሉም ያደርገዋል» ይጠብቀናል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ጠብታ ነው። ያን ጊዜ «የኔዋ ምን ትለውጣለች?» ከማለታችን በፊት፣ ከቁልቁለቱ በታች አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ማን እንደሆነ እንጠይቅ።