ለሞተረኛውና ለሚያስቸኩለው

ከአንድ የቦሌ ምግብ ቤት እስከ አንድ የሳር ቤት ቢሮ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተረኛ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 60 የሚነዳው ስድስት። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ነው፤ እሱም መንገዱ ወለል ብሎ ከተገኘ ነው። በከተማችን መብራትና መጨናነቅ መካከል ግን ሁለቱ ሞተረኞች አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩ መብራት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አሁን ደግሞ አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ ገባ። ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ሰከንድ 40 የሚነዳው 11 ሜትር፣ 60 የሚነዳው ደግሞ 17 ሜትር ሄዷል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ፣ የመጀመሪያው በጠቅላላው 20 ሜትር አለፍ ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው ለመቆም ወደ 40 ሜትር ያስፈልገዋል። እንዲያውም የመጀመሪያው በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። ሦስቷ ደቂቃ የተገዛችው በዚህ ዋጋ ነው።

ስሌቱን ያስቀደምኩት በዲሊቨሪ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶቻችን ፍጥነት ገቢ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። በትዕዛዝ ብዛት ለሚከፈለው ልጅ እምነቱ ከኑሮው የመጣ ነውና አልፈርድበትም። ግን የተሰበረ እግር ስንት ወር ከሥራ እንደሚያስቀር፣ ሞተሩ በብድር የተገዛ ከሆነም ወርሃዊ ክፍያው አጥንት እስኪጠግን እንደማይጠብቅ አብሮ ይቁጠር።

ሄልሜትን ክንድ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ተለምዷል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ይጠለቃል፣ ሲታለፍ ይወልቃል። ሌላው ደግሞ ያጠልቀዋል፣ ማሰሪያውን ግን አይቆልፈውም፤ ያልተቆለፈ ሄልሜት ደግሞ ሰውየው መሬት ሳይነካ ከራሱ ላይ ሊበር ይችላል። በርካታ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። በአንድ ማሰሪያ የሚገኝ እንዲህ ያለ ጥበቃ ሌላ የት አለ? አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜትም ላዩ ደህና ቢመስል ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋልና በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይገዛም።

የዐረቢያው ሎሬንስ ተብሎ የሚታወቀው ብሪታኒያዊ መኮንን ከበረሃው ጦርነት ተርፎ አገሩ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በቤቱ አቅራቢያ በሞተር ሲሄድ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆች ድንገት ከፊቱ ሆኑበት። እነሱን ለማዳን ሲል ወደቀ። ራሱ ላይ ሄልሜት አልነበረም፤ በስድስተኛው ቀን አረፈ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬርንስ ነገሩ ከአእምሮው አልወጣ ብሎት የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1941 ውጤቱን አሳተመ። የእንግሊዝ ጦርም መልእክት ለሚያደርሱ ሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። እነዚያ ወታደሮች የሚሠሩት የዛሬዎቹ የዲሊቨሪ ልጆች የሚሠሩትን ነበር፦ ዕቃ ተቀብሎ፣ በጊዜ ማድረስ። ሎሬንስ የወደቀው በሚመላለስበት፣ አብጠርጥሮ በሚያውቀው መንገድ ላይ መሆኑንም ልብ በሉ። ‹‹እዚሁ ቅርብ ነኝ›› ብላችሁ ሄልሜቱን ቤት አትተዉ።

ሚኒባስ ታክሲ ጥግ ይዞ ቆሞ በግራው ልታልፉት ስትሉ ፍሬቻውን አትጠብቁ። የፊት ጎማውን እዩ። ጎማው ወደ ግራ ዘወር ማለት ከጀመረ ሾፌሩ ወስኗል ማለት ነው፤ ፍሬቻው ከዚያ በኋላ ይበራ ይሆናል፣ ላይበራም ይችላል። በቀኙ በኩል መሹለክ ግን ጨርሶ አይገባም። ተንሸራታቹ በር የሚከፈተው፣ እናት ልጇን ይዛ የምትወርደው በዚያ ነው። ሲኖትራክ አጠገብ ደግሞ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ፈልጉ። ካልታያችሁ እሱም አያያችሁም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ጥግ ተጠግቶ ስለሚዞር፣ በመኪናውና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል የገባ ሞተር መውጫ የለውም። እዚያ መሐል አትግቡ፤ ከኋላ ሆናችሁ እስኪታጠፍ ጠብቁ።

ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የባሱ ናቸው። በበጋ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ያሙለጨልጨዋል፤ የዜብራው ቀለምና ኮብልስቶኑም እንዲሁ። ኩሬ የሸፈነው ጉድጓድ ክዳን ይኑረው አይኑረው ስለማይታወቅ ውኃ ያቆረውን ቦታ በሩቁ እለፉ። ፍሬንንም በሚመለከት፣ ብዙዎች ያሽቀነጥራል እያሉ የፊቱን ይፈሩታል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው ግን እዚያው ነው። የሚጥለው ድንገት ጨምድዶ መያዝ፣ ወይም መሪው እንደታጠፈ መያዝ ነው። ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ መቆምን ተለማመዱ። ይህን ልምምድ አደጋው ፊት ቆሞ የሚጀምር ሰው ጊዜ አያገኝም።

በክልል ከተሞችና በገጠር መንገዶች ላይ ደግሞ አንድ ሞተር ሦስትና አራት ሰው ሲጭን እናያለን፤ ሕፃኑ ከአባቱ ፊት ነዳጅ ታንከሩ ላይ፣ እናት ከኋላ፣ ሄልሜቱ ካለም በአባት ራስ ላይ ብቻ። ቤተሰቡን የሚወድ አባት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ስለሚወዳቸውም ነው የምለምነው። ሁለት ጊዜ ይመላለስ፤ ለሚጭነው ሰውም ሄልሜት ይግዛ።

ትዕዛዝ ዘገየ ብለው ደጋግመው ለሚደውሉ ወገኖቼም የምለው አለኝ። የምትደውሉለት ልጅ ስልኩን የሚያነሳው በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ነው። ያለበትን ማወቅ ከፈለጋችሁ ድርጅቱን ጠይቁ። ድርጅቶችም የዘገየውን ልጅ ከመቅጣታችሁ በፊት የሰጣችሁት ሰዓት በሕጋዊ ፍጥነት የሚደረስበት መሆኑን አስሉ፤ የማይደረስበት ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ምግብ የምታዙ ሰዎች ደግሞ፣ ልጁ አድራሻ ለመጠየቅ ሲደውልላችሁ አቅጣጫውን ከነገራችሁት በኋላ ‹‹ቀስ ብለህ ና፣ አልቸኩልም›› በሉት።