«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» በነርስነት ትምህርት ሲፈተን

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ምስሉን የወሰደው ከማጀት ነው። እህል ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሚገለብጥ ሰው ይጣደፋል፤ እህሉ መሬት ላይ ይበተናል፤ ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ፍሬ በፍሬ ይለቅማል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተረቱ እህሉ ጠፋ አይልም። ቸኳዩ የሚቀጣው በኪሳራ ሳይሆን በድጋሚ ሥራ ነው፤ አተርፋታለሁ ያላትን ደቂቃ ለቀማው እጥፍ አድርጎ ይወስድበታል። ተረቱ ባይጨምረውም፣ ከመሬት የተለቀመ እህል አፈርና ጠጠር ስለሚይዝ ገና ማበጠር ይጠብቀዋል።

ይህ አባባል ለብዙ ሙያ ይሠራል። ወደ ነርስነት ትምህርት ሲመጣ ግን አንዳንድ ቦታ ከተጠበቀው በላይ ይጸናል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይሰነጠቃል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የነርሶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 በቀይ መስቀል አማካይነት አዲስ አበባ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ትምህርቱ ከሆስፒታል አልጋ ተለይቶ አያውቅም። ተማሪው ጠዋት አናቶሚና ፋርማኮሎጂ ይማራል፣ በስኪል ላብ በአሻንጉሊት ላይ መርፌ መውጋት ይለማመዳል፣ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ሲመጣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ዋርድ ይገባል። ማታ የነገውን ኬር ፕላን፣ ማለትም የበሽተኛውን የእንክብካቤ ዕቅድ፣ ይጽፋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዲግሪውን ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ለመቸኮል ምክንያት አያጣም።

ተረቱ ያለ አንዳች ማሻሻያ የሚሠራው በንባብ ላይ ነው። ተማሪዎች «ችከላ» የሚሉት፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሃንድአውት የመዋጥ ልማድ፣ ለሚድ ፈተና ይበቃ ይሆናል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ የተጠና ነገር አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው፤ በቀናት ተከፋፍሎ የተደገመ ጥናት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከተከመረው ይልቅ ይቆያል። በሁለተኛ ዓመት በአንድ ሌሊት የተቸከለው ፋርማኮሎጂ በሦስተኛ ዓመት ዋርድ ውስጥ ሲፈለግ አይገኝም። የመውጫ ፈተናው የቀደሙትን ዓመታት ትምህርት ስለሚጠይቅ፣ ያኔ የፈሰሰው እህል በመጨረሻው ዓመት ይለቀማል፤ ያውም ከመመረቂያ ጽሑፍና ከአታችመንት ጋር እየተሻማ። በየሳምንቱ የተማረውን ግማሽ ሰዓት መልሶ የሚያይ ተማሪ ከጎበዝ ቸካይ ያነሰ ሰዓት አጥንቶ የበለጠ ይዞ መገኘቱ ብዙዎች የሚያዩት፣ ጥቂቶች የሚያደርጉት ነገር ነው።

ወደ ዋርድ ሲገባ የጥድፊያው ዋጋ በቁጥር ይታያል። ቫይታል ሳይን የሚወስድ ተማሪ 20 በሽተኞች ሲጠብቁት ትንፋሽን 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ይቀለዋል። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። የሚያስል የ8 ወር ሕፃን እንውሰድ። የሕፃናት ሕክምና መመሪያው ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያልሞላ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ነው ይላል፤ ይህም የሳንባ ምች ምልክት ነው። በ15 ሰከንድ 12 የቆጠረ ተማሪ 48 ይጽፋል፣ ሕፃኑ መድኃኒት ሳይታዘዝለት ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። 13 የቆጠረ 52 ይጽፋል፣ ሕፃኑ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሕፃን በተንቀሳቀሰና ባለቀሰ ቁጥር አተነፋፈሱ ስለሚለዋወጥ መመሪያው ሙሉ ደቂቃ እንዲቆጠር፣ ሕፃኑም እስኪረጋጋ እንዲጠበቅ ያዛል። 45 ሰከንድ ለመቆጠብ የሚደረግ ጥድፊያ ስህተትን በ4 ያባዛል። ተማሪው ይህን ያወቀ ዕለት ሰዓቱን ማየት እንደ ባዶ ግዴታ መቁጠር ያቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታያል። በስህተት የተቆጠረ ትንፋሽ ቶሎ ከተነቃበት ዳግም ሊቆጠር ይችላል፤ ተረቱ እንዳለው ይለቀማል። በደም ሥር የገባ ነገር ግን አይለቀምም። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዝዞ መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ገደማ ይወጣል። የጠብታ ማሽን በሌለበት ዋርድ ይህ የሚስተካከለው ሰዓት እያዩ በዓይን በመቁጠር ነው። ተጣድፎ በግምት የከፈተ ተማሪ የ8 ሰዓቱን ፈሳሽ በ3 ሰዓት ሊያስገባው ይችላል፤ ልቡ የደከመ አዛውንት ወይም ትንሽ ልጅ ከሆነ ፈሳሹ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር በፍጥነት ቢሰጥ ልብን ያቆማል። ስለዚህ ተማሪዎች የመድኃኒት ስሙን ሦስት ጊዜ እንዲያነቡ ይማራሉ፤ ከመደርደሪያ ሲያነሱ፣ ሲቀዱ፣ ለበሽተኛው ከመስጠታቸው በፊት። ትክክለኛው በሽተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት የሚሉት አምስቱ ማረጋገጫዎችም የወጡት ለዚሁ ነው። በዚህ በኩል ተረቱ ለቸኳዩ ሩኅሩኅ ነው፤ የመልቀሚያ ዕድል ይተውለታል። ነርስነት ሁልጊዜ አይተውም።

ተረቱ በጣም የሚፈተነው ግን ዝግታ በሚገድልበት ቦታ ነው። አማርኛ ራሱ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ሌላ ተረት አለው፤ ይህኛው ቶሎ በል ይላል። ማዋለጃ ክፍል ለዚህኛው ይመሰክራል። ተወልዶ የማይተነፍስ ሕፃን በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር ሊሰጠው ይገባል። እናቲቱም የደም መፍሰስ እንዳይደርስባት ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጡንቻዋ ላይ ትወጋለች። ልቡ ለቆመ ሰው «ቀስ በል» የሚል ምክር ትርጉም የለውም።

ሁለቱን ተረቶች የሚያስታርቃቸው ከዚያች ደቂቃ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። የምጥ ሴት ከመውለዷ በፊት አምቡ ባጉ ይሠራ እንደሆነ የሞከረ፣ ጭምብሉን በልኩ የመረጠ፣ ሁለት ደረቅ ጨርቅ ያሞቀ፣ ኦክሲቶሲኑን ያዘጋጀ ተማሪ በዚያች ደቂቃ ቸኩሎ አይደለም የሚሠራው፤ እጁን ወደሚያውቀው ቦታ ይዘረጋል። ያላዘጋጀው መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ሰው ይጣራል። ከውጭ ለሚያይ የበለጠ የሚሮጠው ሁለተኛው ነው። በድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንኳ ፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ደረት የሚጫን ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንዲጫን የተወሰነው፣ ከዚያ ሲያልፍ ግፊቱ ጥልቀት ስለሚያጣና ልብ ደም መልሶ ለመሙላት ፋታ ስለማያገኝ ነው። ተረቱ የሚነቅፈው እንግዲህ ፍጥነትን አይደለም፤ ሳይሰናዱ መሮጥን ነው።

ይህ ስንዱነት ከማዋለጃ ክፍል ወደ ተማሪው ኑሮ ሲተላለፍ ቀላል መልክ አለው። ሴሚስተሩ ሲጀመር የአታችመንት ቀናት፣ የፈተና ሳምንታትና የጽሑፍ ማስረከቢያዎች አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ በየኮርሱ ወረቀት ተበታትነው ሲቀመጡ ሁለት ፈተናና አንድ ዱቲ በአንድ ሳምንት መግጠማቸው የሚታወቀው ሳምንቱ ሲደርስ ነው። በጋውን ኪስ የምትያዝ ትንሽ ማስታወሻ ቫይታል ሳይኑ በተወሰደበት ቅጽበት ይጻፍባታል፤ የ10 በሽተኛ የደም ግፊት በጭንቅላት ይዞ ወደ ቻርት መሄድ የመጀመሪያውን ከሦስተኛው ጋር ያምታታል። ኬር ፕላኑም በሽተኛው ፊት ለፊት እያለ ቢጀመር፣ ማታ ዶርም ውስጥ ለማስታወስ የሚደረገው ትግል ይቀራል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፏ ለዚህ ዓይነቱ ጥቃቅን አስተዳደር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥታዋለች፤ አሳቧም አስታማሚዋ በሌለችበት ሰዓት ሥራው ልክ እንዳለች ሆኖ እንዲሄድ አስቀድማ ማደራጀት አለባት የሚል ነው። ልጅ ያላት የማታ ተማሪ ይህን ምዕራፍ ከማንም በላይ ትረዳዋለች፤ እሷ ዱቲ ስትገባ ልጇን ማን እንደሚያይ፣ እራቱ ምን እንደሆነ ካልተወሰነ ሐሳቧ ከእሷ ጋር ዋርድ አይገባም።

እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ ከዕቅዱ መጀመሪያ የሚሰረዘው ነገር ነው፤ ይህ ግን የተሳሳተ ቁጠባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ፣ ቀን ክፍል ውሎ፣ የሌሊት ዱቲ የገባ ተማሪ እዚህ ነጥብ ላይ የሚደርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ ይቆጥራል፣ መድኃኒት ይቀዳል። ጠጥቶ ዋርድ የሚገባ ተማሪ ቢገኝ ይባረራል። እንቅልፍ አጥቶ የሚገባው ግን «ታታሪ» ይባላል።

ተረቱ የሚሰነጠቀውም እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱን በሙሉ በገልባጩ ላይ ጭኖ፣ እሱን ማን እንዳጣደፈው አይጠይቅም። ቀን እየሠራ ማታ የሚማር፣ ለ20 በሽተኛ ብቻውን የተመደበ፣ ከሌሊት ዱቲ በቀጥታ ወደ ፈተና ክፍል የተጠራ ተማሪ ቸኩሎ ሳይሆን አስቸኩለውት ነው የሚያፈስሰው። ለእሱ ማስታወሻ ያዝ፣ ጊዜህን ከፋፍል ማለት ትክክል ቢሆንም ግማሽ መፍትሔ ነው። ሌላው ግማሽ በትምህርት ክፍሎች እጅ ነው፤ የሌሊት ዱቲ የሚመድበው መምህርና የጠዋት ፈተና የሚያወጣው መምህር ሴሚስተሩ ሳይጀመር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሰሌዳቸውን ያስተያዩ፣ ከሌሊት ዱቲ ማግሥትም ፈተና አይያዝ።