ያላዩትን ማስታወስ

ሰው ያላየውን ነገር ሊያስታውስ ይችላልን? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል፤ እኔን ያጋጠመኝ ግን ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጊንጪ፣ የእህቴ ልጅ ሲጫወት ነው።

ልጁ ዘመድ ከውጭ ባመጣለት አሮጌ መሣሪያ ‹‹ሪትም ሄቨን ፊቨር›› የተሰኘውን፣ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን ጨዋታ ይጫወታል። ጥበቡ እንደ ጭብጨባ ነው፤ ምቱን በጆሮ አድምጦ ቁልፉን በጊዜው መጫን። ሜዳልያ ላጠራቀመ ተጫዋች 4 ተጨማሪ ጨዋታዎች ይከፈቱለታል። በአንደኛው አንዲት ልጃገረድ ከጦጣዎች ጋር ትጨፍራለች። እነዚህ 4ቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ከመጀመሪያው ጨዋታ የተወሰዱ ናቸው። ያ የመጀመሪያው ደግሞ ከጃፓን ውጭ ለሽያጭ አልቀረበም። እንግዲህ ጃፓናዊው ልጅቷን ሲያያት የድሮ ወዳጁን ያገኘ ያህል ደስ ሲለው፣ የጊንጪው ልጅ አዲስ እንግዳ ናት ብሎ ይቀበላታል። እጁ ግን ምቱን አልሳተም። ታዲያ ምን ጎደለበት?

ምንም አልጎደለበትም የሚል ሙግት አለ፤ እንዲያው የሚናቅም አይደለም። ትዝታን እንውሰድ። ጌታቸው ካሣ በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል፤ ማሕሙድ አሕመድም ብሎታል፤ ከእነሱ በፊት ስንቱ ባለማሲንቆ አንጎራጉሮታል። ማን ጀመረው ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ የለም። ዜማው የሁሉም ነውና የቀደመውን ሳያውቁም ማልቀስ ይቻላል።

የሙላቱ አስታጥቄ ‹‹የግሌ ትዝታ›› ግን ከዚህ ይለያል (ስሙ ራሱ ‹‹የግሌ›› መሆኑ ይገርመኛል)። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ ‹‹አዝ ዊ ኢንተር›› ሲሉ ከሥር የሚሰማው እሱ ነው። ይህን ሳያውቅ ራሱን የሚወዘውዝ ወጣት ደስታው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ድካም ባለቤት አልባ ያደርገዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከጊንጪ በስተሰሜን የጭልሞ ደን አለ። ጥዱና ዝግባው ዛሬም ዓይን ያሳርፋል፤ ሆኖም ከቀድሞው እጅግ ተመናምኖ የተረፈ ቅሪት ነው። የቀድሞውን ያወቀ ሽማግሌ በዛፎቹ መካከል የሌሉትንም ያያል። ልጁ ግን ያለውን አይቶ ‹‹ደኑ ይህ ነው›› ይላል። ቅሪቱን እንደ ሙሉ የተቀበለ ሰው የጠፋውን አይፈልግም፤ የቀረው ሲቆረጥም ጉዳቱን የሚለካበት የለውም።

ስለዚህ የቀደመውን መልሶ የሚያመጣ፣ ዘፋኝም ይሁን ጨዋታ ሠሪ፣ ሁለት ዕዳ አለበት ባይ ነኝ። የማያውቀውን ሰው ከምቱ አያስወጣው፤ ደስ ካለው በኋላ ደግሞ ‹‹ይህ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው›› የምትል አንዲት ቃል አይንፈገው።

እርግጥ ነገሩ ሲበዛ ያሰለቻል። በጭፈራ መሐል ‹‹ይህማ የእገሌ ነው፤ በእኛ ጊዜ እኮ…›› እያለ የሚያስቸግር ሰው ከሙዚቃው ይልቅ ዕድሜውን ነው የሚያሰማን። ቃሏ በካሴት ሽፋን ላይ እንደሚጻፈው የዜማ ደራሲ ስም፣ በደቃቅ ፊደል ጥግ ይዛ ብትቀመጥ በቂ ነው፤ የፈለገ ያነባታል።