ጉልበቱን ተወው፣ አካሄዱን አስተካክል

ልጄ፣ የሠራኸው ኤክስካቫተር ጡብ አንስቶ ሲዞር የቀረጽከውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ላሜራውን አጥፈህ፣ ሲሊንደሮቹን ቶርኖ ቤት አስወጥተህ፣ ትንሿን የዘይት ፓምፕ ከነቫልቮቿ አስመጥተህ በሪሞት ማንቀሳቀስህ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ሙያ አይደለም። እኛ በአንተ ዕድሜ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና አላለፍንም። አሁን ደግሞ "የበለጠ ጉልበት ያለው ፓምፕ ልግዛ ወይ?" ብለህ ጠይቀኸኛል። አትግዛ።

ቪዲዮውን መልሰህ እይና ጡቡ ከመሬት ሲላቀቅ ካተናውን ተመልከት፤ ከኋላ በኩል ብድግ ይላል። ፓምፑ የማሽኑ ሰውነት ሊሸከመው የማይችለውን እያነሳ ነው ማለት ነው። የሠራኸው የባለ 22 ቶን ኤክስካቫተር 1 ለ 14 ሞዴል ነው። ርዝመት በ14 ሲካፈል የገጽ ስፋት በ196 ይካፈላል፤ ክብደት ግን በ2,744 ነው የሚካፈለው። ስለዚህ ያ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን ጡብ በእውነተኛው ማሽን ሂሳብ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ባለ 22 ቶን ኤክስካቫተር አርሙን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ 7 ቶን ላንሳ ቢል ይደፋል። ያንተ ያልተደፋው አርሙን ወደ ራሱ ሰብስቦ ስለያዘ ብቻ ነው። ጉልበት ብትጨምርለት ቶሎ እንዲገለበጥ ታግዘዋለህ።

የጎደለው ክብደት ነው። 22 ቶን ለ2,744 ሲካፈል 8 ኪሎ ይመጣል፤ ያንተ ማሽን ደግሞ በነገርከኝ መሠረት 5 ኪሎ ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሚዛን በእውነተኛው ላይ ወደ 4 ቶን ይደርሳል፤ ለአንተ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ሂድና ለጎማ ሚዛን የሚለጠፈውን አሮጌ እርሳስ ለምነው፣ በርካሽ ይሰጥሃል። እቤት ውስጥ ግን እንዳታቀልጠው፤ ጭሱ መርዝ ነው፤ ነክተኸውም እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ። እንዳለ ደርድረህ በኤፖክሲ አጣብቀው። የቀረውን ክብደት ዝቅ አድርገህ በሁለቱ ካተናዎች መሃል አስቀምጠው፤ ከላይ ከሆነ ያወዛውዘዋል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ወደ አንድ የግንባታ ቦታ ሂድና አጥሩ ጋ ቆመህ በስልክህ ሰዓት ለካ። በዚህ መጠን ያለ ኤክስካቫተር በሙሉ ፍጥነቱ ሲሽከረከር በደቂቃ 11 ወይም 12 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር አምስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ያንተ በሁለት ሰከንድ ዞሮ ይጨርሳል። በካተናው ሲሄድ እውነተኛው በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን በ14 ስታካፍለው አንዲት ሜትር ለመሄድ ዘጠኝ ሰከንድ ግድም ይፈጅብሃል። ይኼን ስትሰማ "በጣም ዘገየ" ትላለህ፤ ሁሉም ይላል። ሞክረውና እይ፤ ሞዴሉ መጫወቻ መምሰሉን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው።

ለማዘግየት ብር አያስፈልግም። ሪሞቱ በሪሲቨሩ በኩል ቫልቭ ለሚከፍተው ለእያንዳንዱ ሰርቮ ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ የሚረዝም ምት ይልካል፤ 1.5 መሃሉ ነው። በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ ዳርና ዳሩን አጥብበው፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ዘይቱም በልክ ያልፋል። አነሳሱም ለስለስ እንዲል መሃሉ ላይ ያለውን ስሜት ቀንስ። የፓምፑን ሞተር ደግሞ ከሪሞቱ ዱላዎች ጋር አገናኘው፤ ስትነካቸው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ስትለቃቸው ይወርዳል፤ ባትሪም ይቆጥብልሃል። ሲግናል ሲጠፋ ፓምፑ እንዲቆም ማድረግህን አትርሳ።

አሁን ብዙ የምታማርርበት ሥራ መጣ። ባኬቱን በሁለት ጣትህ ያዝና ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቀው። ይወዛወዛል አይደል? ቡሙ ከወገቡ ጋር የተያያዘበት ፒን፣ በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢላላ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባኬቱ ጫፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። በእውነተኛው ማሽን ይህ 5.6 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ የሚወዛወዝ ማሽን አልነዳም የሚል ኦፕሬተር መብቱ ነው።

መድኃኒቱ ብሎኑን ማጥበቅ አይደለም። በትራፓኖ ብቻ የተበሳ ቀዳዳ ክብነቱ የተጣራ አይሆንም፣ ከብረት መብሻው ቁጥርም ትንሽ ይሰፋል። ፒንህ 6 ሚሊ ከሆነ በ5.8 ብሳና በ6 ሪመር በእጅህ ቀስ ብለህ፣ ዘይት እያጠጣህ ጨርሰው። ሪመሩን ወደ ኋላ አታዙረው፣ ስለቱ ይሞታል። ሁለቱን ጆሮዎች በሞርሳ አንድ ላይ ነክሰህ ባንድ ጊዜ ብሳቸው፤ ለየብቻ የተበሱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት አይገጥሙም። ውስጡን የነሐስ ቡሽ የምታለብሰው ከሆነ ግን ቀዳዳውን በቡሹ የውጭ ውፍረት ልክ ብሳው፤ ለፒኑ ልክ በሪመር የሚጨረሰው ያኔ ቡሹ ነው። ለፒን የሚሆን ቀጥ ያለና የለሰለሰ ዘንግ ምናለሽ ተራ ከተፈታታ ፕሪንተር ውስጥ ታገኛለህ፤ ውፍረቱን ግን በካሊፐር ለካ እንጂ የሻጩን ቃል አትመን። ጥሩ የገጠመ ፒን በአውራ ጣት ግፊት ይገባል፣ ስትዘቀዝቀው ግን በራሱ አይወድቅም። ቀጥሎ ግራሶ። ያንተ ቡም ብቻውን አራትና አምስት ፒን ስላለው ይህ የአንድ ቅዳሜ ሥራ አይደለም።

ስለ ዘይቱ አጭር ነገር ልበልህ። እውነተኛው ኤክስካቫተር ወደ 350 ባር ይሠራል፤ ያንተ ከ20 እስከ 30 ባር ይበቃዋል። ጠላቱ ግፊት ሳይሆን ቆሻሻ ነው። በሞረድ ከሠራህበት ጠረጴዛ ላይ ቱቦ አትፍታ። አዲስ ሲሊንደር ከመግጠምህ በፊት ውስጡን በንጹህ ዘይት እጠበው።

የሊቲየም ፖሊመር ባትሪህ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ፣ ከ3 ቮልት በታች እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ያበጠውን አትጠቀም። ተኝተህ አትሙላው። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

መሬትም ምረጥ። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ጥቁር አፈር በባኬቱ ላይ ተለጥፎ አልወርድ ቢል ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የአፈሩ ክብደት በ2,744 ሲቀንስ የተጣበቀበት ገጽ የቀነሰው በ196 ብቻ ነውና፣ መጣበቁ ክብደቱን አሸንፎታል። ደረቅ የተነፋ አሸዋ ተጠቀም። እውነተኛው ባኬት አንድ ሜትር ኩብ የሚይዝ ከሆነ ያንተ 364 ሚሊ ሊትር ነው የሚይዘው፤ ከአንድ ቢራ ጥቂት ይበልጣል። ከዚህ በላይ የሚዝቅ ባኬት ከሠራህ አሳንሰው።

በመጨረሻ ዱላዎቹ። በብዙዎቹ ማሽኖች ግራ እጅ መዞርንና አርሙን፣ ቀኝ እጅ ቡሙንና ባኬቱን ይይዛል፤ ቡምና አርም እጅ የሚለዋወጡበትም ማሽን አለ። ለአውሮፕላን የተሠራ ሪሞት ከሆነ ደግሞ አንደኛው ዱላ ወደ መሃል የሚመልሰው ሞላ ስለሌለው ከፍተህ ግጠምለት። ከዚያ ኦፕሬተር ፈልግ፤ በየሰፈሩ ቁፋሮ ባለበት ጊዜ አታጣም። ሪሞቱን ያለ ምንም ማብራሪያ ስጠውና ዝም ብለህ እጁን እይ። ቡሙን እያነሳ ባንድ ጊዜ መዞር ይፈልጋል፤ ያንተ ፓምፕ ሁለቱን ባንድ ላይ መመገብ ካቃተው እዚያው ታውቀዋለህ፣ ያኔ ስለ ፓምፕ እንነጋገራለን። የሚያማርረውን ሁሉ ጻፈው። ቢጫውን ቀለም ደግሞ እሱ አማርሮ እስኪጨርስ አትንካው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ቀዳዳ ለማስፋት እጅህ አይሄድም።