ምጣድ የማይችል መብራት

ጥያቄዬን መጀመሪያ ላስቀምጠው። ብሎኩ በሙሉ ጨልሞ የእኔ ቤት ብቻ ቢበራ፣ የበደልኩት ሰው አለ? ገንዘቡ የራሴ ነው። ፀሐይዋ የማንም አይደለችም። ከማንም ቆጣሪ ሽቦ አልቀጠልኩም። "የለም" ብሎ መተኛት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንደዛ ያደርጋል። እኔ ግን መልሱ ያን ያህል አጭር አይመስለኝም። እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ ደግሞ ባትሪው ራሱ ነው።

አሁን ለቤት ሶላር አብዛኛው ሰው የሚገዛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ኮባልት የለበትም፤ በወጉ ከያዛችሁት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ሞልቶ ይራገፋል። ከጀርባው ካሉት ሳይንቲስቶች አንዱ ጆን ጉድኢናፍ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር። (ሠላሳ ሳይሞላን አርጅተናል ለምንል ለእኛ መልካም ዜና ነው።) አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው። 16 ሴል በተከታታይ ስትቀጥሉ 51.2 ቮልት ይመጣል፤ ሴሎቹ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ከሆኑ በጠቅላላው 5.12 ኪሎዋት ሰዓት አላችሁ ማለት ነው።

ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ከሆነ አንድ አሰልቺ ሥራ አለ። ሴሎቹን በተከታታይ ከማሰራችሁ በፊት ሁሉንም በትይዩ አገናኝታችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ 3.65 ቮልት ትሞሏቸዋላችሁ፤ ሁሉም ከአንድ መስመር እንዲነሱ። ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ዓይን ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለውም፣ ስለዚህ መዝለል ያምራል። የዘለለ ሰው የሚያገኘው ግን አንዱ ሴል ሁሌ ቀድሞ የሚሞላበት፣ ወይ ቀድሞ የሚያልቅበት ባትሪ ነው። ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰሌዳ፣ ቢኤምኤሱ፣ አማካይ አያውቅም። የሚያየው የመጨረሻውን ነው። አንዱ ሴል 2.5 ቮልት አካባቢ ወረደ? አሥራ አምስቱ ገና ጉልበት ቢኖራቸውም ሁሉንም ይቆርጣል።

እዚህ ጋ "ማኅበረሰብም እንዲሁ ነው" ብሎ ማጨብጨብ ይቻል ነበር። አይደለም ግን። ሴሎቹ በአንዱ ድካም የሚቆሙት በተከታታይ ስለታሰሩ ነው። ሰፈር የታሰረው በትይዩ ነው። አንዱ ቤት ከመስመሩ ቢወጣ የማንም መብራት አይጠፋም፣ ማንቂያ አይጮህም፣ የሚቆርጥ ሰሌዳ የለም። የማወራውን ነገር ከባድ ያደረገውም ይሄ ነው፤ የወጣ ሰው መውጣቱ አይታወቅበትም። ለራሱም ጭምር።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የእኔ ሥራ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ፣ ራውተሩና ሁለት አምፖል አንድ ላይ ከ100 ዋት ብዙም አያልፉም። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውን ጨምረን፣ ከላይ ያልኩት ባትሪ ፀሐይ ሳያይ ከአንድ ቀን በላይ ያቆየኛል። ኑሮዬ ሙሉ በሙሉ እዛ ሳጥን ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ከእኛ ብሎክ ምድር ላይ ደግሞ ሁላችንም "ማዘር" የምንላቸው ሴት አሉ። እንጀራ ጋግረው ነው የሚሸጡት። እኔም ከሳቸው ነው የምገዛው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ደረጃ ላይ ተገናኘን፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቃቸው ነበር።

"ልጄ፣ ያ ያንተ ነገር ምጣድ ይችላል?" አሉኝ።

"አይችልም ማዘር።"

"እንዴት? ቴሌቪዥን ይችላል ሲሉ ሰምቼ!"

ይችላል፤ ቴሌቪዥን ምን ጉልበት አለውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ገና ሲሰካ ኦቨርሎድ ብሎ ይዘጋል። ትልቅ ኢንቨርተር ቢኖር እንኳ ለእኔ ከቀን በላይ የሚበቃው ባትሪ ለሳቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሞላ ነው፤ ምጣዱ እስኪግልና እስኪሟሽ የሚሄደው ጊዜም ከዚሁ ተቀናሽ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። "እና ላንተ ብቻ ነዋ የተሠራው" አሉኝ። ክፋት አልነበረውም፣ እንደ መረጃ ነው የተናገሩት።

ልክ ናቸው። ባትሪ ሰውን በሀብት ብቻ አይደለም የሚለየው። በሥራ ዓይነትም ይለያል። ሥራው መረጃ የሆነ ሰው በትንሽ ኃይል ይኖራል። ሥራው ሙቀት ወይም ጉልበት የሆነ ሰው፣ ጋጋሪ፣ በያጅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ ከጋራው መስመር በቀላሉ መውጣት አይችልም። ለዚህ ሁሉ ሰው የጋራው ሽቦ ምርጫ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ማዘርም ከጉሊታቸው ቆጥበው ቦንድ ገዝተውበታል። ግን ያ ኃይል ምጣዳቸው ጋ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ቦንድ የገዛ ሰው ድርሻውን በጀሪካን ተሸክሞ አይሄድም።

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የመሰለ ነገር ከናይጄሪያ ያነሳሉ። የምድር ባቡሩ አገልግሎት ደካማ ነው፤ የጭነት መኪና ተወዳዳሪ ሆኖ መጣ። ተወዳዳሪ ሲመጣ ባቡሩ ይሻሻላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተሻሻለም። ደንበኛ ሲሸሽ ባቡሩ ብዙም አይጎዳም፤ ኪሳራውን የመንግሥት ካዝና ይሸፍናል። በዛ ላይ የሸሹት፣ ቢቆዩ ኖሮ አጥብቀው የሚጮሁት ነበሩ። የቀሩት ዝም ያሉት ወይም የማይሰሙት ናቸው። ደቡብ አፍሪካም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2023 መብራት በፈረቃ መጥፋቱ እጅግ ሲከፋ፣ አቅም ያለው ጣሪያውን በሶላር ሸፈነ። ከተሞቹ ደግሞ ኤሌክትሪክ መልሰው በመሸጥ ገቢ ያገኙ ስለነበር ጥሩ ከፋይ ደንበኞቻቸው ፍጆታቸውን ቀነሱባቸው።

የእኛን ብሎክ አስቡት። መብራት ሲጠፋ ለጥገና የሚደውለው ማነው? ጥያቄ ጽፎ ፊርማ የሚያሰባስበው፣ ቢሮ ሄዶ ወረፋ የሚይዘው? አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ስብሰባ የሚያመልጠው ሰው ነው። ባትሪ ቀድሞ የሚገዛውም ያው ሰው ነው። ጥሩ ኢንቨርተር በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ወደ ባትሪ ይቀይራል፤ አምፖሉ እንኳ አይርገበገብም። ልጆች ደረጃው ላይ "መጣ!" ብለው ሲጮኹ ነው ጠፍቶ እንደነበር የምታውቁት። ንዴታችሁ ጠፋ። የሚያስደውላችሁ ግን እሱ ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን፣ ባትሪውን አውጥቼ ልጣል? አይ። ከጎረቤት ጋር በጨለማ መቀመጥ ማንንም አያበራም። ማዘር የሚፈልጉት እንዲግልላቸው እንጂ እኔ አብሬያቸው እንድበርድ አይደለም። "አቅም ያለው ይውጣ፣ የቀረው መንግሥትን ይጠብቅ" የሚለውንም አልቀበልም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለኖረ ሰው ይሄ ከቁም ነገር የማይቆጠር ፍልስፍና ነው። አራት ባለ 550 ዋት ፓኔል 10 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ይፈልጋል። ጣሪያው ደግሞ የእኔ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የእኔንና የጋራውን ይለያል፤ ጣሪያ የጋራ ነው። "የራሴ ፀሐይ" የምላት ያረፈችው ማዘርም ድርሻ ያላቸው ቆርቆሮ ላይ ነው። ፈቃድ ስጠይቅ "ምን ታደርግልናለህ?" የማለት መብት አላቸው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ የደረጃ መብራት ነው። ቀላል ነው፤ ስድስት ባለ 7 ዋት አምፖል 42 ዋት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ባትሪው አይሰማውም። ጥሩ ነገር ነው፣ አደረግነው። ግን ምጽዋትም ይመስላል። ለጋጋሪዋ የደረጃ አምፖል ምን ያደርግላታል?

የሚሻለው ከወጣሁበት ነገር ውስጥ ድምፄን መመለስ ይመስለኛል። ሁሉም ነገር ሲጠፋ ብሎኩ ላይ ሳያቋርጥ የሚሠራ ኮምፒውተር የእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስክር መሆን ይችላል። ኢንቨርተሩ የመስመሩን ሁኔታ በየደቂቃው ያነባል፤ እኔ የጨመርኩት ያንን የሚመዘግብ አጭር ፕሮግራም ነው። ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሰዓት መጣ። መብራቱ ሲጠፋ ስልኬ ላይ ይጮሃል፤ ሆን ብዬ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር እንድሰማው። የሰፈሩ ጥያቄ ሲጻፍ "ሁልጊዜ ይጠፋብናል" ከማለት ቀንና ሰዓት ይያያዝበታል። "ሁልጊዜ" ለሚል ሰው "ታገሡ" ይባላል። ቀኑ ለተጻፈበት ወረቀት ግን ቢያንስ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ መልስ መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያውን ወር አትሜ ምድር ላይ መግቢያው ጋ ለጠፍኩት። ማዘር መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ የአንድ ማክሰኞ ማታን ጠቆሙኝ። ምንም አልተጻፈበትም።

"የዚህን ቀን ሊጤን ደፍቻለሁ" አሉ። "መብራት ነበረ። ምጣዱ ግን አልግል አለ።"

ገባኝ። የእኔ ላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ኃይል ቢወርድ ባይወርድ አያውቅም። ምጣድ ግን ሙቀቱ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። 220 መሆን ያለበት ወደ 170 ቢወርድ ሙቀቱ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። ቁጥሩ ኢንቨርተሩ ውስጥ ድሮም ነበረ፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ወረቀቱ ላይ አልወጣም። የዛን ማክሰኞ ፋይል ከፍቼ አየሁት፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ 168፣ 171፣ 165።

አሁን ሰንጠረዡ የቮልት ዓምድ አለው። ማዘር ማታ ማታ ሊጥ ከማውጣታቸው በፊት ልጅ ይልኩብኛል፦ "ስንት ነው በሉት።"